የትረካ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ በአቅራቢያ ስለ መፈለግ

አንድ የትምህርት ጓደኛችን ባለፈው ዓመት እንቅልፍ አጥቶ ከክፍል መቅረት በጀመረ ጊዜ ምክር ፍለጋ ወደ አንድ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ነበር። ሲመለስ፣ «ገና ተቀምጬ ሳልጨርስ የበሽታዬን ስም ነገሩኝ፤ ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ስሙ እንጂ ስለ እኔ አይደለም» አለን። ሁለተኛ አልሄደም። ጥቂት ቈይቶ ግን ስለ ትረካ ሕክምና አነበበና፣ «እንዲህ ያለ ሰው በአቅራቢያችን ከወዴት ይገኛል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ መልሳችንን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ አሰብን። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ) የትረካ ሕክምና ምን ማለት ነው?

ይህን አሠራር ያስጀመሩት ማይክል ኋይት እና ዴቪድ ኤፕስተን ናቸው። ኋይት (1948—2008) በአውስትራሊያ በአዴሌይድ ከተማ ይኖር የነበረ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነው፤ በ1983 በዚያው ከተማ ከተቋቋመው የደልዊች ማእከል መሥራቾች አንዱ ነበር። ኤፕስተን ደግሞ በካናዳ ተወልዶ በኒው ዚላንድ የኖረ፣ አንትሮፖሎጂ የተማረ ሰው ነው። ሁለቱ በአንድነት የጻፉት ዋናው መጽሐፋቸው በ1990 ታተመ።

የሐሳባቸው መሠረት ይህ ነው። ሰው ኑሮውን የሚረዳው በትረካ ነው። ካሳለፋቸው ብዙ ሺህ ቀኖች ጥቂቶቹን መርጦ፣ አንዱን ከአንዱ አያይዞ፣ «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ» ይላል። የቀሩት ቀኖች ሳይነገሩ ይቀራሉ። መከራ የበረታበት ሰው ትረካው በመከራው ብቻ ይሞላል፤ ሌላው ታሪኩ ግን ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።

ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያ ችግሩን ከሰውየው ለይቶ ያነጋግራል። ቀጥሎም ችግሩ ያልቀናውን ቀን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ይፈልጋል። ያንን ቀን ካገኘ በኋላ ከሌሎች መሰል ቀኖች ጋር እያያያዘ ሰውየው ሁለተኛ ትረካ እንዲያበጅ በጥያቄ ይረዳዋል። በመጨረሻም ይህ አዲስ ትረካ ብቻውን እንዳይቀር ሰሚና ምስክር ይፈልግለታል። ኤፕስተን በተለይ የታወቀበት ልማድ ከንግግሩ በኋላ ለባለ ጉዳዩ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ሰው የሰማውን ቢረሳ፣ የተጻፈውን መልሶ ሊያነበው ይችላልና።

ኋይት በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ልብሳቸው ላይ ስለሚጸዳዱ ሕፃናት ተናግሯል። ከዚያ በፊት ልጁ ሰነፍ፣ እናቱም ያላሳደገች እየተባሉ ይወቀሱ ነበር። ኋይት ግን ለችግሩ ራሱን የቻለ ስም አወጣለትና፣ እንደ አንድ ተንኰለኛ አድርጎ እያነሣው፣ ልጁንና ወላጆቹን በአንድ ወገን አሰለፋቸው። እርስ በርስ ይካሰሱ የነበሩት ሰዎች አንድ ባላጋራ አገኙ ማለት ነው።

ለ) ነገሩ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም

የዚህ ትምህርት አነጋገር ለፈረንጅ ጆሮ አዲስ ይምሰል እንጂ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ቅርብ ነው ብለን እናስባለን። «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ደከመኝ» የምንለውን ቃል በሰዋስው ብንመረምረው ተናጋሪው አድራጊ አይደለም፤ የሚደረግበት ነው። «ፍርሃት ያዘኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ስንልም ፍርሃቱና እንቅልፉ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል እንቆማለን። የያዘ ነገር ሊለቅ ይችላል። «ፈሪ»፣ «ሰነፍ»፣ «በሽተኛ» ስንባል ግን ቃሉ ከራሳችን ጋር ይጣበቃል። ጓደኛችን «ጨነቀኝ» ብሎ ገብቶ «የጭንቀት በሽተኛ» ተብሎ በወጣ ጊዜ የደረሰበት ይህ ነው።

አንዳንድ አንባቢ ነገሩ የዛርን ጉዳይ ያስታውሰው ይሆናል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። በዛር እምነት የያዘው መንፈስ በእርግጥ አለ ይባላል፤ የትረካ ሕክምና ግን ችግሩን ለይቶ የሚጠራው ለማነጋገር እንዲመች ነው እንጂ መንፈስ ነው ብሎ አይደለም። ደግሞም ለይቶ ማየት ከኀላፊነት ነጻ ማውጣት አይደለም። ቍጣውን ከራሱ ለይቶ ያየ ሰው፣ ቍጣው በቤተሰቡ ላይ ያደረሰውን ጕዳት መመልከትና ከማን ወገን እንደሚቆም መወሰን ይገባዋል።

ሐ) እንዴት ይፈለጋል?

በአዲስ አበባ ይህን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያጋጥመው የባለሙያ ማነስ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረውም በ2003 ነው። በጠቅላላው ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር በአንድ ልዩ ስልት የሠለጠነው ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ «የትረካ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ፈልጎ መዞር ብዙ አይጠቅምም።

ሰሌዳውም ቢገኝ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። የትረካ ሕክምና የአሠራር ስልት ነው እንጂ ለብቻው የቆመ የሙያ ፈቃድ አይደለም። በዚህ ስልት የሚሠራው ሰው የአእምሮ ሐኪም፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወይም ምክር ሰጪ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ፈላጊው ሁለት ነገር ለየብቻ ይመርምር፤ አንደኛው ባለሙያው በሙያው የተፈቀደለት መሆኑን፣ ሁለተኛው ይህን ስልት በእርግጥ ማወቁን ነው።

ሁለተኛውን ለማወቅ በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤

1. «ይህን ስልት ከየት ተማሩት? ሥራዎንስ የሚመለከትልዎ ልምድ ያለው ባለሙያ አለ?»
2. «ችግሬን ምን ብለው ይጠሩታል?» ስልቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መልሶ፣ «አንተስ ምን ትለዋለህ?» ማለቱ አይቀርም።
3. «የምነግርዎን ይጽፉታል? የጻፉትን እኔ አነበዋለሁ? ሌላስ ማን ያነበዋል?»
4. «በየትኛው ቋንቋ እንነጋገራለን?»
5. «ነገሩ ከአቅምዎ በላይ ቢሆን ወደ ማን ይልኩኛል?»
6. «ዋጋው ስንት ነው? ስንት ጊዜስ እንገናኛለን?»

ከዚህ በኋላ ፈላጊው የባለሙያውን ጥያቄዎች ያዳምጥ። የሥራው እውነተኛ ምልክት በዚያ ይታያል። «ይህ ነገር ወደ አንተ መምጣት የጀመረው መቼ ነው? ምን እያለ ያሳምንሃል? ከማን ከማን ለየህ? እምቢ ያልኸው ቀን አልነበረም? ያን ቀን እምቢ ማለትህን ቢሰማ የማይደነቅ፣ ድሮውንም የሚያውቅህ ሰው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከሰማ፣ ሰሌዳው ሌላ ቢልም የሚፈልገውን አግኝቷል። ጥያቄ ሳይኖር ፍርድና ምክር ብቻ ቢሰማ ግን፣ ሰሌዳው ምንም ቢል፣ አላገኘም።

የቋንቋው ነገር በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ ይከብዳል። ሥራው በሙሉ በቃል የሚሠራ ስለሆነ «ጨነቀኝ» የሚለው በአስተርጓሚ ሲያልፍ «ጭንቀታም ነኝ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ ካልተገኘ፣ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ እንዲያስረዳ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

መ) ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሕክምና አለ። በጀርመን አገር በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የተዘጋጀው ይህ ሕክምና በጦርነትና በስደት አሰቃቂ ነገር የደረሰባቸውን ሰዎች ይመለከታል። ባለ ጉዳዩ የሕይወቱን ዘመን በገመድ መስሎ ይዘረጋል፤ በበጎው ጊዜ አበባ፣ በክፉው ጊዜ ድንጋይ እያኖረ፣ የደረሰበትን በተራ ይተርካል። ጠቃሚነቱ በስደተኞች ዘንድ ተፈትኖ የታየ ነው፤ ነገር ግን የኋይትና የኤፕስተን ሥራ አይደለም። ፈላጊው የትኛውን እንደሚሻ ለይቶ ይጠይቅ።

የትረካ ሕክምና ውጤት በጥናት የተፈተነው ከአንዳንድ ሌሎች ሕክምናዎች ባነሰ መጠን መሆኑንም መሰወር አይገባም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማና ከሰው የተለየ ሰው፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። መድኀኒት መውሰድና ታሪክን ማውራት አይጣሉም።

ባለሙያ በማይገኝበት ቦታም ከስልቱ ጥቂቱን በማኅበር መሥራት ተችሏል። ንካዜሎ ንኩቤ የተባለች የዚምባብዌ ተወላጅ የሥነ ልቡና ባለሙያ ከዴቪድ ዴንቦሮ ጋር ሆና «የሕይወት ዛፍ» የተባለውን ዘዴ በደቡባዊ አፍሪካ ወላጆቻቸው በኤድስ ለሞቱባቸው ልጆች አዘጋጀች። ልጁ ዛፍ ይሥላል። ሥሩ የመጣበት ወገን፣ ግንዱ ችሎታው፣ ቅርንጫፉ ተስፋው፣ ቅጠሉ የሚወዳቸው ሰዎች ናቸው። የልጆቹ ዛፎች በአንድነት ሲሰቀሉ ደን ይሆናሉ፤ ስለ ማዕበሉ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ስለ ሐዘኑ ከመናገሩ በፊት የሚቆምበት ስፍራ እንዲያገኝ ታስቦ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ካልነው የሚወጣው ፍሬ ነገር፣ ፈላጊው ስምን ሳይሆን ጥያቄን ይፈልግ የሚል ነው። ጓደኛችን ከብዙ መጠያየቅ በኋላ ያገኛት ሴት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ናት፤ በበሯ ላይ ስለ ትረካ የተጻፈ ነገር የለም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን፣ «እንቅልፍህን የሚወስደውን ነገር አንተ ምን ብለህ ትጠራዋለህ?» አለችው። እርሱም ጥቂት አስቦ፣ በየሌሊቱ እየመጣ የሚጠይቀው ስለሆነ፣ «ፈታኙ» አላት። እስከ ዛሬ ፈታኙ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ጓደኛችን ግን ወደ ክፍል ተመልሷል።