የ«አቢሲኒያ» ድመት ገበያ፤ የዘር ወረቀቱ የማይመሰክረው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በለንደንና በኒውዮርክ «አቢሲኒያ» ተብላ ለምትሸጠው ድመት ስም ያወጡላት ግን እንግሊዞች ናቸው። በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ «ዙላ» የተባለች ድመት አብራ እንደተወሰደች ይነገራል። በ1874 በእንግሊዝ በታተመ አንድ መጽሐፍም ሥዕሏ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ድመቶች ከዙላ ስለመወለዳቸው ማስረጃ የለም። የጂን ጥናቶች የዘሩን ምንጭ የሚያመለክቱት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው።

በዚህ ገበያ ስም ብቻውን ምስክር የማይሆነው በታሪክ ረገድ ብቻ አይደለም። ዘሯ ለተመዘገበ ድመት ገዥው ከተራ ድመት ዋጋ በብዙ የሚበልጥ ገንዘብ ይከፍላል፤ ምን እንደገዛ የሚያውቀው ግን ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ከድመቷ በፊት መመዘን ያለበት አርቢው ነው።

ሻጭ የሚያውቀው፣ ገዥ የማያውቀው

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህ ዓይነቱን ገበያ ጠባይ በአሮጌ መኪና ምሳሌ አስረድተዋል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዥው ካላወቀ፣ ገዥው ለጥሩውም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ስለሚከስር ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። አከርሎፍ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ለኖቤል ሽልማት የበቁት በዚህ መስክ ባደረጉት ጥናት ነው።

የአቢሲኒያ ድመት ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ናት። በዘሩ ውስጥ የዓይንን የብርሃን መቀበያ ክፍል ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የውርስ በሽታ አለ። ግልገሏ ስትወለድ በደህና ታያለች። የዓይን ሐኪም ሊያየው የሚችለው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓመት ተኩልና በሁለት ዓመት መካከል ሲሆን፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ትታወራለች። ሽያጩ የሚፈጸመው ግን በሦስት ወሯ ገደማ ነው። ጉድለቱ ሲታይ ገንዘቡ ከሻጩ ኪስ ከገባ ቆይቷል።

የበሽታው ጂን በ2007 ስለታወቀ ዛሬ ከድመቷ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና መመርመር ይቻላል። ስሌቱም ግልጽ ነው። በሽታው የሚወጣው ግልገሏ ብልሹውን ጂን ከእናትም ከአባትም ስትወርስ ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚዎች ከሆኑ፣ እያንዳንዷ ግልገል የመታወር ዕድሏ 25 በመቶ፣ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ 50 በመቶ፣ ፍጹም ነጻ የመሆን ዕድሏ ደግሞ 25 በመቶ ነው። ተሸካሚዋን ከነጻ ድመት ጋር ያራባ ሰው ግን በዚህ በሽታ የምትታወር ግልገል አያገኝም። ስለዚህ «ድመቴ ተሸካሚ ናት» ብሎ የምርመራውን ውጤት የሚያሳይ አርቢ ሊወደስ እንጂ ሊሸሽ አይገባውም። የሚያሰጋው «የእኔ ዘር ንጹሕ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልገውም» የሚለው ነው። ቀይ የደም ሕዋሳትን ያለጊዜያቸው በመግደል ደም ማነስ የሚያመጣው ሌላው የዘሩ የውርስ በሽታም እንዲሁ በምርመራ ይታወቃል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ገዥዎች ብዙ ጊዜ የሚተማመኑት በዘር ሐረግ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ የሚመሰክረው ግን ግልገሏ ከእነማን እንደተወለደች እንጂ ጤነኛ መሆኗን አይደለም። ቢሆንም በጥንቃቄ ላነበበው አንድ ቁም ነገር ይነግረዋል። ያው የአንድ ድመት ስም በእናትም በአባትም ወገን ከተደጋገመ ዝምድናው ቀርቧል ማለት ነው። አባት ከልጁ የወለዳት ግልገል ከጂኖቿ 25 በመቶው ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ እንደሚወረስ ይሰላል፤ የተደበቀ በሽታም የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

መዝጋቢዎቹም በአንድ ሚዛን አይመዝኑም። ጆሮዋ ወደ ፊት የታጠፈው የስኮትላንድ ድመት በ1961 የተገኘች ናት። ጆሮዋን ያጠፈው ጂን በመላ አካሏ ያለውን ልምና አጥንት የሚጎዳ በመሆኑ፣ በ1910 የተቋቋመውና ጂ.ሲ.ሲ.ኤፍ. በሚል ምህጻር የሚታወቀው የብሪታንያ መዝጋቢ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መመዝገቡን አቁሟል። ኔዘርላንድ ደግሞ በ2014 ማራባቱን ከልክላለች። የአሜሪካ ታላላቅ መዝጋቢዎች ግን ይመዘግቧታል። እዚህ ላይ የሚሸጠው መልክ ራሱ በሽታው ስለሆነ የትኛውም የምርመራ ወረቀት አያድንም።

የጥሩ አርቢ ምልክት

አታላይ ቃል ለመስጠት አይቸገርም፤ ቃል ወጪ የለውምና። ገዥው ሊያየው የሚገባው አታላይ የማይደፍረውን ወጪ ነው። በጂ.ሲ.ሲ.ኤፍ. ደንብ ግልገል ለገዥ የምትሰጠው 13 ሳምንት ሞልቷት ክትባቷን ከጨረሰች በኋላ ነው። በ8 ሳምንቷ የሚሸጥ ሰው የአምስት ሳምንት ቀለብ፣ ድካምና የክትባት ወጪ ያተርፋል፤ ግልገሏ ግን ከእናቷና ከወንድሞቿ የምትማረውን ታጣለች። እናቲቱን ያለ ዕረፍት የሚያስወልድም ትርፉን የሚያገኘው ከእርሷ ጤና ላይ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት አራት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባል። አንደኛ፣ የሁለቱም ወላጆች የምርመራ ውጤት፣ የድመቶቹ ስምና የማይክሮቺፕ ቁጥር ያለበት። ሁለተኛ፣ ግልገሏን ከእናቷ ጋር ባደገችበት ቤት ማየት፤ ሽታው፣ የሌሎቹ ድመቶች ብዛትና ሰው ሲቀርባቸው መሸሻቸው ወይም አለመሸሻቸው ብዙ ይናገራል። ሦስተኛ፣ በሽታ ቢወጣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ የጽሑፍ ውል። አራተኛ፣ ገዥው መያዝ ቢያቅተው አርቢው በማንኛውም ዕድሜዋ መልሶ እንደሚቀበላት የሚገልጽ ቃል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሻጩ የዕድሜ ልክ ዋስትና ስለሆነ፣ ብልሹ መሆኑን በሚያውቀው ዕቃ ላይ ማንም አይፈርመውም።

በእንግሊዝ ሕግም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላትን ግልገል ከአርቢው ገዝቶ አትርፎ መሸጥ ለነጋዴ ተከልክሏል። ከመካከል የሚገባው ነጋዴ ሲወጣ ገዥው የግድ ከአርቢው ጋር ይገናኛል።

በዚህ ግንኙነት ጥያቄ የሚጠይቀው ገዥው ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ያጠራጥራል። ጥሩ አርቢ ድመቷ ቀን ከማን ጋር እንደምትውል፣ ቤቱ የራስ ይሁን የኪራይ፣ ገዥው ከዚህ በፊት ያሳደጋት ድመት ምን እንደሆነች ይጠይቃል፤ መልሱ ካላረካው አይሸጥም። ገዥ ተመርምሮ ሊመለስ የሚችልበት ቤት፣ ድመት ለመግዛት ከሁሉ የተሻለው ቤት ነው።