ዋልያዎቹ ለምን ወደቁ? አሰልጣኝ በመቀየር ብቻስ ይነሳሉ?

የስፖርት ዓምድ - ከጅቡቲ ከተማ

የ2026 የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ማጣሪያ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በምድብ ሀ ከነበሩት ስድስት አገሮች 5ኛ ሆኖ ጨርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግብፅ በ26 ነጥብ አለፈች። ቡርኪናፋሶ 21፣ ሴራሊዮን 15፣ ጊኒ ቢሳው 10፣ ኢትዮጵያ 9 ነጥብ ሲይዙ የምንኖርባት አገር ጅቡቲ በ1 ነጥብ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ በባልባላም ሆነ በየካርቲየው፣ በአሊ አዴና በሆልሆልም እንደምንሰማው፣ ኳስ ወዳዱ ስደተኛ ሁሉ በአንድ ቃል ተስማምቷል፤ «አሰልጣኙ ይባረር!» ይላል። «የትኛው አሰልጣኝ?» ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ ማጣሪያውን የጀመሩትን ይላል፤ ሌላው በመሀል የተረከቡትን ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ስም አይጠራም፣ ብቻ ይባረር ይላል። እኛም ነገሩን ከሥሩ እንየው ብለን ይህን አዘጋጅተናል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

መቼም ከቁጥር መሸሽ አይቻልም። ቡድናችን 10 ጨዋታ አድርጎ 2 አሸነፈ፣ 3 አቻ ወጣ፣ በ5ቱ ተሸነፈ። ያገባው 9 ጎል ነው። ከ9ኙ ውስጥ 7ቱን ያገባው በጅቡቲ ላይ ነው፤ በጁን 2024 አንድ ለአንድ፣ በማርች 2025 ደግሞ 6 ለ1። ሌሎቹ አራት ተጋጣሚዎች ላይ፣ ማለትም በስምንት ጨዋታ፣ ያገባነው 2 ጎል ብቻ ነው ማለት ነው። ከግብፅ ጋር ሁለቱንም 2 ለ0 ተሸንፈናል። ከቡርኪናፋሶ ጋር አንዴ 3 ለ0፣ አንዴ 3 ለ1።

እንግዲህ ያ የ6 ለ1 ድል ብዙ ሰው አስጨፍሮ ነበር። እኛ ግን እንደ አስተማሪ አንድ ነገር እንላለን። አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና መቶ ከመቶ አምጥቶ በሌሎቹ ስምንት ፈተና ቢወድቅ፣ ያቺን አንዷን ወረቀት ለወላጁ ማሳየት ሰርተፊኬቱን አይለውጠውም።

የጁኑ አንድ ለአንድ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ነበረው። ጅቡቲ በጠቅላላው ማጣሪያ ያገኘችው ብቸኛ ነጥብ ያች ናት፤ ያገኘችውም ከእኛ ላይ ነው። ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል እዚሁ የተወለዱ አሉ፤ ለማን እንደሚደግፉ ግራ ገብቷቸው ነበርና አቻው ለእነሱ ጥሩ ፍርድ ሆነላቸው። ለወላጆቻቸው ግን የሚዋጥ አልነበረም።

የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያውም ከዚህ አልተሻለም። ለ2025ቱ ውድድር በተደረገው ማጣሪያ ከዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ከታንዛኒያና ከጊኒ ጋር ተመድበን በ4 ነጥብ መጨረሻ ሆንን። ጊኒ ብቻ በሁለት ጨዋታ 7 ጎል አግብታብናለች። የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች የመሩት ገብረመድህን ኃይሌ ናቸው። በኖቬምበር 2024 መሳይ ተፈሪ ተረከቡ፤ በታንዛኒያ 2 ለ0 ተሸንፈው ከቀናት በኋላ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ1 አሸነፉ። ያ ድል ክብር ቢመልስም ጊዜው አልፎበት ነበር።

በሰው ግቢ እንግዳ መቀበል

አሁን ብዙ ሰው ወደሚረሳው ነገር እንምጣ። በኦክቶበር 2021 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳርን ስታዲየም ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይመጥንም ብሎ ከለከለ። የአዲስ አበባው አንጋፋ ስታዲየምም ከዚያ አስቀድሞ ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አንድ የተፈቀደ ሜዳ አጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በኖቬምበር 2021 ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልናት ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፍንበት ያ የማይረሳ ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ላይ ነው። በ2024 ኮንጎን ያስተናገድነው በዳሬሰላም፣ ጊኒን በአቢጃን፣ ታንዛኒያን ደግሞ በኪንሻሳ ነበር። አቢጃን ላይ ጊኒም የራሷን የሜዳ ጨዋታ እዚያው አድርጋለች፤ ስለዚህ ሁለቱም ጨዋታ ለእኛ እንደ ውጭ ጨዋታ ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ነገር ነው። ጅቡቲም የተፈቀደ ሜዳ አልነበራትም። አዲስ አበባና ጅቡቲ በባቡር ሐዲድ የተያያዙ ከተሞች ናቸው፤ ርቀቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች ግን የደርሶ መልሱን ሁለቱንም ጨዋታ የተጫወቱት ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሞሮኮ ላይ ነው! ከአሊ ሳቢህ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ ሊያይ የሚችለው ደጋፊ ጨዋታውን በስልክ መስኮት ተከታተለ።

በሰው ግቢ እንግዳ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናው ቢፈላም ሲኒው የሰው ነው፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አትስቅም። ተጫዋችም እንደዚያ ነው። ሠላሳ ሺህ ሰው ስሙን እየጠራ የሚጫወትና ባዶ ወንበር እያየ የሚጫወት አንድ አይደለም። ይህ ለሽንፈቱ ሁሉ ሰበብ ይሁን አንልም። ግን ስታዲየም መሥራት የአሰልጣኝ ሥራ ነው እንዴ? «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ለዚህ ነው።

ወንበሩ ላይ ስንት ሰው ተቀመጠ?

ታሪኩን ከሰውነት ቢሻው እንጀምር። በኦክቶበር 2012 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ0 አሸንፈው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ1 ወጡ፣ በቡርኪናፋሶ 4 ለ0፣ በናይጄሪያ 2 ለ0 ተሸንፈው ከምድባቸው ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ1 ረቱ። ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ከቦትስዋና ጋር በመሰለፉ ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰብን፤ እንዲያም ሆኖ ምድባችንን በአንደኝነት ጨርሰን ለመጨረሻው ጥሎ ማለፍ ደረስን። በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸነፍን እንጂ ብራዚል ለመግባት የቀሩን ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በጃንዋሪ 2014 በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የሚዘጋጀው የቻን ውድድር መጣ። በሊቢያ 2 ለ0፣ በኮንጎ 1 ለ0፣ በጋና 1 ለ0 ተሸነፍን፤ አንድ ጎል አላገባንም፣ አንድ ነጥብም አልያዝንም። በፌብሩዋሪ 2014 ሰውነት ተሰናበቱ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ለፍጻሜ የደረሱት እነማን ነበሩ? ናይጄሪያና ቡርኪናፋሶ፤ ሁለቱም ከእኛ ምድብ። በ2014ቱ ቻንስ? ሊቢያና ጋና፤ ሁለቱም ከእኛ ምድብ። በሁለቱም ውድድር የተሸነፍነው በሻምፒዮኑም በሁለተኛውም ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን የቆጠረ ሰው ጥቂት ነበር።

ከሰውነት በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ለ2015ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር በ4 ነጥብ መጨረሻ ሆነው ሄዱ። ቀጥሎ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። ከዚያ ውበቱ አባተ በ2020 ተረክበው ቡድኑን ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው በ2023 ለቀቁ። ዳንኤል ገብረማርያም በጊዜያዊነት ያዙ፤ ገብረመድህን ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ፤ መሳይ ተከተሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወንበሩ ዘጠኝ ጊዜ ሰው ቀይሯል! አንድ ክፍል ተማሪዎች በዓመት ውስጥ ሦስት የሒሳብ መምህር ቢቀያየርባቸው ምን እንደሚሆኑ እኛ በደንብ እናውቃለን። እያንዳንዱ መምህር ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል፤ ምዕራፍ አምስት የሚደርስ ግን የለም።

ኬፕ ቨርዴ ምን አደረገች?

ለንጽጽር ሩቅ አንሂድ። በጃንዋሪ 2022 ካሜሩን ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ0 ያሸነፈችን ኬፕ ቨርዴ ናት። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሆነ የደሴቶች አገር ናት። አሰልጣኟ ቡቢስታ ከ2020 ጀምሮ ይዘዋታል። ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኬፕ ቨርዴ ከግብፅ፣ ከቦትስዋናና ከሞሪታንያ ጋር ተመድባ በ4 ነጥብ መጨረሻ ሆነች። ልክ እንደኛ! ያው ዓመት፣ ያው ነጥብ፣ ያው ደረጃ።

እሷ ግን አሰልጣኟን አላባረረችም። ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 2025፣ ኬፕ ቨርዴ ምድቧን መርታ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ሴኔጋልም እንዲሁ ናት። አሊዩ ሲሴ በ2019 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአልጄሪያ ሲሸነፉ አላሰናበቷቸውም፤ በፌብሩዋሪ 2022 ግብፅን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ለአገራቸው የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን።

ታዲያ አሰልጣኝ አይጠየቅም?

ይጠየቃል! ትዕግሥት ማለት ዓይን መጨፈን አይደለም። ገብረመድህን በ2018 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2019 ደግሞ መቀሌ 70 እንደርታን የሊጉ ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ችሎታ የላቸውም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ነገር ግን በክለብ የተሳካለት ሁሉ በብሔራዊ ቡድን አይሳካለትም። በስምንት ጨዋታ 2 ጎል ብቻ ያገባ ቡድን የማጥቃት መላ እንዳልተገኘለት ግልጽ ነው፤ ለዚህ ሜዳም ፌዴሬሽንም ሰበብ አይሆንም።

በእኛ በኩል ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ማንም ይሁን ማን ሦስት ነገር ቢጠየቅ ይበቃል እንላለን። አንደኛ፣ ስንት ወጣት ተጫዋች አሳደገ? ሁለተኛ፣ ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ ከዓመቱ መጀመሪያ የተሻለ ኳስ ይጫወታል ወይ? ሦስተኛ፣ ሲሸነፍ ለምን እንደተሸነፈ ለሕዝቡ ያስረዳል ወይ? ይህን ለመመዘን ቢያንስ አንድ ሙሉ ማጣሪያ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው፣ ሊሰጠው ይገባል። ፌዴሬሽኑም አሰልጣኝ ከመቀየሩ በፊት ሜዳውን ይመልስ። ኢትዮጵያ በ1957 ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት፤ በ1962 በይድነቃቸው ተሰማ መሪነት ግብፅን 4 ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደችው አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ስታዲየሟ ነበር።

ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹ

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በየካምፑ ክርክሩ ከኳስ ወጥቶ ወደ ሌላ ሲሄድ እያየን ነው። አንዳንዱ የአሰልጣኙን ስም ሰምቶ ዘሩን ይቆጥራል፤ የተመረጡትን ተጫዋቾች ስም እየጠራ «ይህ የእነ እገሌ ነው» ይላል። ሲሸነፉ «እነሱ» ናቸው፣ ሲያሸንፉ «እኛ» ነን። በዚህ ምክንያት በአንድ ስልክ ተሰብስበው ጨዋታ ያዩ የነበሩ ሰዎች ተኳርፈው በየድንኳናቸው ለየብቻ የሚያዩበት ጊዜ መጥቷል።

ወገኖቻችን፣ እኛ እዚህ ያለነው ከብዙ ቦታ፣ በብዙ ምክንያት ነው። ተመዝግበን የምንጠብቀው ወረቀት ይለያያል፤ የሄድንበት መንገድ ይለያያል። ዘጠና ደቂቃ አብረን ተቀምጠን የምንጮህለት ነገር ብዙ የለንም፤ ይህ ቡድን ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። ሦስት ለዜሮ የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ጨዋታ ሊያካክስ ይችላል። ጎረቤቱን በኳስ ምክንያት ያጣ ሰው ግን የመልስ ጨዋታ የለውም።

ስለዚህ አሰልጣኙን እንተች፤ በጎሉ፣ በአሰላለፉ፣ በሥራው እንተቸው። በስሙ ግን አይሁን። የሚቀጥለው ማጣሪያ ሲጀምር ውጤቱን በዚሁ ገጽ ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው በቸር ያቆየን።