በጎዳናም በውሃም የሚሄደው የቅንጦት ኦቶሞቢልና የንግዱ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1961 በኒው ዮርክ ከተማ በተከፈተው የኦቶሞቢል ኤግዚቢሲዮን ላይ አምፊካር የተባለ የጀርመን ሥራ ለሕዝብ ታየ። ይህ ኦቶሞቢል እንደ ማናቸውም መኪና በጎዳና ሲሄድ ቆይቶ፥ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ፥ ተሳፋሪዎቹም ጫማቸውን ሳያወልቁ፥ ከሐይቅ ገብቶ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ድንቅ ዕቃ ገዢ ያጣል ብሎ የሚጠረጥር ነጋዴ ጥቂት ነው። ሆኖም በአሥር ሺሕ የሚቈጠር መኪና ይሸጣል ተብሎ የተቋቋመው ሥራ በጠቅላላው 3,878 መኪና ብቻ አውጥቶ ቆመ። መኪናው የተባለለትን ሁሉ በርግጥ ይሠራ ስለ ነበር፥ የውድቀቱ ምክንያት ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት።

ንድፉን ያወጣው ሐንስ ትሪፐል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዚሁ ዐይነት ተሽከርካሪ ላይ ሲደክም የኖረና፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለአገሩ ጦር በውሃ የሚሄዱ መኪናዎች የሠራ ነበር። ገንዘቡን ያቀረበው በጀርመን ኢንዱስትሪ ስሙ የታወቀው የኳንት ኩባንያ ሲሆን፥ መኪናው የተገጣጠመው በሉቤክና በበርሊን ነው።

ሞተሩን ፋብሪካው ራሱ አልሠራውም። ከእንግሊዙ ከትራያምፍ ኩባንያ የተገዛ፥ ሔራልድ በተባለው መኪና ውስጥ የሚገባ፥ 38 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ይህ ብልኅ አሳብ ነበር፤ ሞተሩ በብዙ አገር የታወቀ በመሆኑ ቢያንስ ለእርሱ መለዋወጫ ማግኘት አያስቸግርም። የተቀመጠው ከኋላ ሲሆን፥ በጎዳና ላይ የኋላ ጐማዎችን፥ በውሃ ላይ ደግሞ ከመኪናው ጀርባ ሥር የተተከሉትን ሁለት ተሽከርካሪ መቅዘፊያዎች ያዞራል። ለጎዳናው አራት ማርሽ፥ ለውሃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬድ የተለየ ማርሽ አለው። ከውሃ ሲወጣ ሹፌሩ ሁለቱንም ባንድነት ያስገባል፤ መቅዘፊያው መኪናውን ወደ ዳር ይገፋዋል፥ ጐማዎቹም መሬት እንደ ነኩ ይይዙና ያወጡታል። ለብቻው የተሠራ የጀልባ መሪ የለውም፤ በውሃ ውስጥ አቅጣጫ የሚያስይዙት የፊት ጐማዎች ናቸው። በሮቹ ከተዘጉ በኋላ በሌላ እጀታ ደግመው ስለሚጠብቁ ከላስቲካቸው ጋር ይጣበቃሉ። ያም ሆኖ ሰርጎ የሚገባውን ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ ተደርጎለታል።

ሙሉ ስሙ አምፊካር 770 ነው። ቍጥሩ በውሃ ላይ በሰዓት 7 ማይል፥ በጎዳና ላይ 70 ማይል ይሄዳል ማለት ነው፤ በኪሎ ሜትር 11 እና 112 ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ ለጀልባ አነስተኛ ነው፤ ለመኪናም ቢሆን የሚያስመካ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ገዢውን የሚያማርረው ጥገናው ነበር። አምስት ሰዓት ያህል በውሃ ላይ ከቆየ በኋላ በ13 ስፍራ ግሪስ መቀባት ነበረበት፤ ከእነዚህም አንዱን ለማግኘት የኋላውን መቀመጫ መንቀል ያስፈልጋል። አካሉ ከብረት የተሠራ ስለ ሆነ በተለይ የባሕር ጨው ያዝገዋል። ለእሑድ መዝናኛ መኪና የገዛ ሰው ሰኞን በግሪስ ተለውሶ ሲያሳልፍ ለጐረቤቱ ምን ብሎ እንደሚያወራ መገመት አያዳግትም።

ከባለቤቶቹ ሁሉ ስመ ጥር የነበሩት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው። በቴክሳስ ባለው ርስታቸው እንግዳ አሳፍረው ቁልቁለቱን ሲወርዱ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ!» ብለው ይጮኹና ከሐይቁ ይገቡ ነበር፤ የእንግዶቹን ድንጋጤ እያዩ ይሥቁ ነበር ይባላል። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም። ነገር ግን ማስታወቂያ ብቻውን አልሸጠውም።

ዋጋው በአሜሪካ ወደ 3,000 ዶላር ግድም ነበር። በ1964 የወጣው ፎርድ ሙስታንግ ደግሞ ከ2,368 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበርና፥ ገዢው ሁለቱን አመዛዝኖ ወደ የትኛው እንዳደላ ግልጽ ነው። ዋናው አደጋ ግን ሌላ ነበር። ከተሠሩት መኪናዎች ከ3,000 የሚበልጡት የሄዱት ወደ አሜሪካ ሲሆን፥ ለእንግሊዝ አገር መሪው በቀኝ የተደረገው መቶ ያህል ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ ባንድ ገበያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። በ1968 የአሜሪካ መንግሥት ስለ መኪና ጢስና ስለ ተሳፋሪ ደኅንነት አዲስ ደንብ ሲያወጣ፥ አምፊካር ያን ለማሟላት አልቻለም። ሽያጩ የተዳከመ ፋብሪካም ለአዲስ ንድፍ ወጪ አያወጣም። በሩ ሲዘጋ የሚተካው ሌላ ገበያ አልተዘጋጀም ነበር።

ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ2003፥ የኒውዚላንዱ ባለ ሀብት አለን ጊብስ አኳዳ የተባለውን በእንግሊዝ አገር አወጡ። ይህኛው ጐማዎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ በውሃ ግፊት የሚሄድ፥ በጎዳና 160፥ በውሃ ላይ 50 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነበር። በ2004 ሪቻርድ ብራንሰን በእርሱ ተቀምጠው የእንግሊዝን የባሕር መተላለፊያ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተሻገሩ። ዋጋው 150,000 ፓውንድ ያህል ነበር። ሆኖም የአሜሪካን ደንብ ለማለፍ ስላልቻለ እርሱም ጥቂት ብቻ ተሠርቶ ቀረ። የፊተኛው የወደቀበት ጕድጓድ እየታወቀ እንዲህ መሆኑ ያስገርማል።

ከአምፊካር የተጠቀሙት ኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከፋብሪካው የተረፈውን መለዋወጫ አንድ የካሊፎርንያ ነጋዴ ጠቅልሎ ገዛው፤ መኪናው መሠራቱን ካቆመ በኋላ ለብዙ ዓመታት እየቸረቸረ ለባለቤቶቹ ሸጠላቸው። በደንብ የታደሰ አምፊካር በጨረታ ከመጀመሪያ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሲያወጣ ታይቷል። በፍሎሪዳም በ2015 አንድ የሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ጥቂቶቹን አሳድሶ፥ ጐብኝዎችን በክፍያ ከውሃ እያስገባ ማንሸራሸር ጀመረ፤ ግሪሱን የሚቀባው ግን ተሳፋሪው ሳይሆን ቤቱ ነው።