ጠጠሩ ራሱ መዝገብ የሆነበት ጨዋታ

መስከረም 17 ቀን በጉራጌ ምድር ቤት የሚሞላበት ዕለት ነው። ከየከተማው የሚመጡት ልጆች በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ በኩል አልፈው ወደየቀያቸው ይገባሉ፤ ክትፎው ተነሥቶ ቡናው ሲቀርብ ደግሞ የጨዋታው ተራ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ቡታጅራ ውስጥ በእንግድነት በተቀመጥንበት ቤት ወጣቶቹ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ነጥቡን በደብተር የሚይዘው ተማሪ ራሱም ተጫዋች ነበርና፣ አንዱ «የእኔን አሳንሰህ ጽፈሃል» ቢለው በዓሉ ወደ ጠብ ሊለወጥ ጥቂት ቀረው። የቤቱ አባወራ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት፣ ደብተሩን አስነሥተው ገበጣ አስቀረቡ።

የገበጣ ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ብዙውን ዓይነት መዝግበዋል። በዚያ ቤት የተያዘው ባለ 12 ጉድጓዱ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር የሚገባበት ነው። ድምሩ 48 ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ዙሩ ሲያልቅ «ስንት አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እያንዳንዱ የበላውን ጠጠር ከራሱ ወገን ጀምሮ አራት አራት እያደረገ ይሞላል። 28 የበላ 6ቱን ጉድጓዶቹን ሞልቶ ከባላጋራው አንድ ይወስዳል፤ 20 የበላው በ5 ይቀራል። ቀጣዩ ዙር የሚጀመረው በዚሁ ይዞታ ስለሆነ የቀደመው ዙር ውጤት ከገበጣው ላይ አይጠፋም። አንድ ጠጠር ቢሰወር እንኳ አንዱ ጉድጓድ ሳይሞላ ይቀራልና ወዲያው ይታወቃል። አስቸጋሪ የሚሆነው ለሁለቱም ሁለት ሁለት ጠጠር ሲተርፍ ነው። እዚያ ቤት ዕጣ ይጣጣላሉ፤ እኛ ግን ለታናሹ ቢተውለት እንመርጥ ነበር።

ወጣቶቹ ወደ ካርታቸው ሲመለሱ ደብተሩን አልፈለጉትም። 60 ፍሬ የተቆላ ሽምብራ ቆጥረው ለአራት ተጫዋቾች 15፣ 15 አካፈሉ፤ የተሸነፈው ለአሸናፊው በእጁ ይከፍላል። ፍሬው እጅ ሲሞላ አንድ ጥሬ ቡና በ5 ሽምብራ ይመነዘር ጀመር። ድምሩን በየመካከሉ መቁጠር የማንም ተመልካች ሥራ ሆነ።

አንድ ጊዜ 59 ሆኖ ተገኘና ፍለጋው ተጀመረ። ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ከአያቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ሕፃን አንዷን ሽምብራ ሲቆረጥም ተሰማ።