ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፤ ለጌም ተጫዋች ያዋጣልን?

በኮምፒዩተር ጌም መጫወት የሚወድ ሰው «ሊኑክስ» የሚባለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ ጓደኛው «በነጻ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ዛሬውኑ ቀይር» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ተው አትልፋ! እሱ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዕቃ ነው፤ ጌም የሚባል አይሠራበትም» ብሎ ያስፈራራዋል። የመጀመሪያው አጋኗል፤ የሁለተኛው ወሬ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም በሊኑክስ ላይ በምን ዘዴ እንደሚሠራ፣ የትኞቹ ጌሞች እምቢ እንደሚሉ፣ ለመቀየር የቆረጠ ሰውም ከምን መጀመር እንዳለበት በየተራ እንመልከት።

ጥያቄው ለምን ተነሣ?

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለዚህ ሥርዓት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለሚመዘገቡ ሰዎች የአንድ ዓመት ጭማሪ ቢፈቅድም ዋናው ነገር አበቃ። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን ጠፋ ማለት አይደለም። ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን የለም ማለት ነው። ውሎ አድሮም ሌሎች ፕሮግራሞች እየተከተሉ ይለቃሉ። ለምሳሌ ጌም የሚሸጥበት ስቲም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ንና 8ን መደገፉን ትቷል።

«ታዲያ ዊንዶውስ 11 መጫን ነዋ!» የሚል ይኖራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ያለው ማሽን ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩም ማይክሮሶፍት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። በኢንቴል በኩል ይህ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ማለት ነው። ስለዚህ በ2015 ወይም በ2016 የተሠራ፣ እስከ ዛሬ ጌም በደንብ የሚያጫውት ኮምፒዩተር ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። ማሽኑ አልደከመም፤ በሩን የዘጋበት ሶፍትዌሩ ነው። ባለቤቱ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ አዲስ መግዛት፣ ቀዳዳው ሳይደፈን እንዳለ መቀጠል፣ ወይም ሥርዓቱን መቀየር። ኪሱ ለሳሳ ተማሪና መምህር ሦስተኛው ምርጫ ቢመረመር አይጎዳም።

ጌሙና ሥርዓቱ በምን ይነጋገራሉ?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው በማሽኑና በፕሮግራሞቹ መካከል ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። ጌም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር እንደ ልቡ አይገናኝም። «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፤ ይህን ሥዕል ስክሪን ላይ አውጣልኝ፤ ይህን ድምፅ አሰማልኝ» እያለ ሥርዓቱን ይጠይቃል። የአጠያየቁ ቋንቋ ግን እንደየሥርዓቱ ይለያያል። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም የሚጠይቀው በዊንዶውስ ቋንቋ ነው። በተለይም ሥዕልና ድምፅን በሚመለከት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ዳይሬክትኤክስ በሚባለው ይጠቀማል። ሊኑክስ ይህን ቋንቋ አይሰማም። ለብዙ ዘመን «ሊኑክስ ጌም አያጫውትም» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። አቅም አንሶት አልነበረም፤ አለመግባባት እንጂ።

ሊኑክስን በሚመለከት፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከርነል የሚባለውን አስኳል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ይህ አስኳል ሌሎች ሰዎች ከሠሯቸው ነጻ ፕሮግራሞች ጋር ተጣምሮ፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ በሚሉ ልዩ ልዩ ስሞች ይታደላል። ማንም በነጻ ሊያወርደው፣ ሊያባዛውና ለጎረቤቱ ሊሰጠው ይችላል። ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን፤ በየኪሳችን ያለው የአንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በሊኑክስ አስኳል ነው።

አስተርጓሚው እንዴት ተገኘ?

ሁለት ሰዎች ቋንቋቸው ሳይገናኝ ሲቀር ምን ይደረጋል? አስተርጓሚ ይፈለጋላ! እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን የሚባል ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው። ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ የጠየቀውን ተቀብሎ ለሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያቀርብለታል። ልብ እንበል፤ ዋይን ሌላ ኮምፒዩተር አስመስሎ አይሠራም፤ ጥያቄን ብቻ ይተረጉማል። ስለዚህ ማሽኑን ብዙ አያደክምም። ነገር ግን የሚተረጎመው ብዙ ነበርና ሥራው ዓመታት ፈጀ። በተለይ የዘመናዊ ጌሞች ሥዕል አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ።

ነገሩን ያፋጠነው የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ኩባንያ ነው። ቫልቭ ጌም የሚሸጠው በአብዛኛው በዊንዶውስ ላይ ነበር። ይህም በሰው ቤት ሱቅ ከፍቶ እንደ መነገድ ነው፤ ባለቤቱ የራሱን ሱቅ አጠገቡ የከፈተ ቀን ነጋዴው ምን ይውጠዋል? ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 8 ውስጥ የራሱን የፕሮግራም መደብር ባስገባበት በ2012፣ የቫልቭ መሪ ጌብ ኒውዌል ሥርዓቱን በአደባባይ ነቀፈ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ስቲም በሊኑክስ ላይ ወጣ። በ2015ም ስቲም ማሽን የተባሉ ኮምፒዩተሮች ለገበያ ቀረቡ፤ ግን ብዙም አልሄዱም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የጌም ሠሪዎች ሁሉ ለሊኑክስ ብለው ሥራቸውን እንደገና እንዲሠሩ ተጠበቀ፤ አብዛኞቹም አልሠሩም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለወጠ። ሠሪው ሁሉ አዲስ ቋንቋ ይማር ከማለት ይልቅ አስተርጓሚውን ማጎልበት ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ፕሮቶን ወጣ። ፕሮቶን ዋይንን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ ዲኤክስቪኬ የሚባል ክፍል ታክሎበታል። ይህ ክፍል የዳይሬክትኤክስን የሥዕል ትእዛዝ ቩልካን ወደሚባለው፣ በ2016 ወደ ወጣውና በሊኑክስም ወደሚሠራው ቋንቋ ይመልሳል። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ቫልቭ ስቲም ዴክ የተባለ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒዩተር አወጣ። የሚሠራው በሊኑክስ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሲገዛው የጌም ሠሪዎችም ሥራቸውን በፕሮቶን መሞከር ጀመሩ። በኦክቶበር 2025 ስቲም ባደረገው ወርኃዊ ቆጠራ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ 3 እጅ በላይ ሆኑ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከዓመት ዓመት አድጓል።

ዛሬ እንደ ዊቸር 3፣ ሳይበርፐንክ 2077፣ ባልደርስ ጌት 3 ያሉ ለብቻ የሚጫወቷቸው ትልልቅ ጌሞች በፕሮቶን ይሠራሉ። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ ቫልቭ ራሱ ለሊኑክስ ስላዘጋጃቸው አስተርጓሚም አያስፈልጋቸው። ፍጥነቱስ? እንደ ጌሙ ነው። አንዳንዱ ከዊንዶውስ ጥቂት ይቀንሳል፤ አንዳንዱ እኩል ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ የሚበልጥም አይጠፋም። ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት ግን የሥዕሉን ፕሮግራም እስኪያዘጋጅ ድረስ ሊያስጠብቅ ይችላል። ተበላሸ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

አስተርጓሚ የማይፈታው ችግር

እስካሁን ያወራነው ስለ መቻል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የፈቃድ ጉዳይ ነው።

በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቷቸው ብዙ ጌሞች አጭበርባሪን የሚጠብቅ ዘበኛ አላቸው፤ አንቲቺት ይባላል። ከእነዚህ ዘበኞች አንዳንዶቹ የሚቀመጡት በዊንዶውስ አስኳል ውስጥ ገብተው ነው። በሊኑክስ ላይ ያ አስኳል የለምና አስተርጓሚው ቢጎበዝ ምንም ማድረግ አይችልም። ቫሎራንት በዚህ ምክንያት በሊኑክስ አይሠራም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ያንኑ ዘበኛ በ2024 ካስገባ ወዲህ ቀርቷል። በአገራችን የእግር ኳስ ጌም ወዳጅ ብዙ ነውና ይህንን ደግሞ በደንብ ይስማ፦ ከፊፋ 23 ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በጌሞቹ ላይ ያስገባው የራሱ ዘበኛ በሊኑክስ አይሠራም። የኮምፒዩተሩ ዋና ሥራ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ መጫወት የሆነ ሰው ዊንዶውስን ባያጠፋ ይሻለዋል።

ሌሎቹ ዘበኞች ግን በሊኑክስ መሥራት ይችላሉ። ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የተባሉት በ2021 ለፕሮቶን በሩን ከፍተዋል። ቁልፉ ግን በየጌሙ ባለቤት እጅ ነው። ኤልደን ሪንግ ዘበኛ እያለው በሊኑክስ ይሠራል፤ ፎርትናይት ግን አልፈቀደም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ፈቅዶ ብዙ ሰው ሲጫወተው ከቆየ በኋላ፣ በኦክቶበር 31 ቀን 2024 አጭበርባሪ በዛ ብሎ ዘጋው። ጂቲኤ 5ም በዚያው ዓመት ባትልአይን ሲያስገባ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ክፍሉ በሊኑክስ ተዘጋ፤ ለብቻ የሚጫወቱት ታሪኩ ግን ቀረልን።

ኩባንያዎቹም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሊኑክስን ባለቤቱ እንደፈለገ ሊለውጠው ስለሚችል ለዘበኛ አይመችም፤ ተጫዋቹም ጥቂት ስለሆነ ለእሱ ብሎ ወጪ ማውጣት አያዋጣቸውም። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በኢንተርኔት የሚጫወት ሰው ዛሬ የሚሠራለት ጌም ነገ ሊዘጋበት እንደሚችል አውቆ መግባት አለበት።

ለመቀየር የቆረጠ ሰው ምን ያድርግ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሳይቸኩሉ በቅደም ተከተል መሄድ ይበጃል።

1ኛ፦ የሚጫወቷቸውን ጌሞች በወረቀት ላይ መዘርዘር። ከዚያ በፕሮቶንዲቢ ላይ እያንዳንዱን ፈልጎ የሌሎች ተጫዋቾችን ምስክርነት ማንበብ። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ከሆነ ስለ ዘበኛው ለይቶ ማጣራት።

2ኛ፦ የግራፊክስ ካርዱን ማየት። የኤኤምዲና የኢንቴል ድራይቨር ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ለኢንቪዲያ ግን የኩባንያውን ድራይቨር መጨመር ያስፈልጋል፤ ሚንትና ኡቡንቱ ይህን በቀላሉ የሚያደርጉበት መስኮት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢና ከዚያ በፊት ከወጡ የግራፊክስ ክፍሎች ብዙዎቹ ቩልካንን ጨርሶ አያውቁትም፤ ወይም የሚያውቁት በከፊል ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ከፕሮቶን ብዙ አይጠብቅ።

3ኛ፦ ፎቶውን፣ የትምህርት ዝግጅቱን፣ ለጓደኛ የማይነገረውን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ። ሊኑክስ ሲጫን «ዲስኩን በሙሉ ላጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያነቡ «እሺ» ካሉ የጠፋው አይመለስም።

4ኛ፦ ሳይጭኑ መሞከር። 8 ጊጋባይት በሚሆን ፍላሽ ላይ ሚንትን አዘጋጅቶ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ማስነሣት ይቻላል። ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ዋይፋዩ፣ ድምፁና የስክሪኑ መብራት መሥራታቸውን እዚያው ማየት ነው። መምህራንም የአማርኛ ኪቦርዱን በዚያው አጋጣሚ ይሞክሩት፤ በቋንቋ ምርጫው ውስጥ ይገኛል።

5ኛ፦ ቢቻል ሁለቱንም ሥርዓት ጎን ለጎን ማኖር። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የትኛው እንዲከፈት እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው እያንዳንዱን በየራሱ ቢጭን ከብዙ ጣጣ ይድናል።

6ኛ፦ ስቲምን መጫን። ፕሮቶን ከእሱ ጋር ይመጣል። ኢንተርኔት ለሚወደድብን አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፦ ፕሮቶን የሚያስነሣው ያንኑ የዊንዶውሱን ጌም ስለሆነ፣ ፋይሉን ከቀድሞው የስቲም ፎልደር ገልብጦ በሊኑክሱ የስቲም ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ ጫን ሲሉት ያለውን አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። 100 ጊጋባይት እንደገና ከማውረድ መዳን ቀላል ነገር አይደለም! ጌሙ ግን መቀመጥ ያለበት በሊኑክስ በራሱ ክፍል ላይ ነው። በዊንዶውሱ ክፍል እንዳለ ለማስነሣት መሞከር ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ከስቲም ውጭ በኤፒክ ወይም በጂኦጂ የተገዛ ጌም ያለው ሰው ሄሮይክ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለብቻው ወይም በዝርዝሩ ውስጥ «ይሠራል» የተባሉትን ጌሞች የሚጫወት፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ደኅና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ወደ ሊኑክስ ቢሻገር የሚያጣው ጥቂት ነው። ፎርትናይት፣ ቫሎራንት ወይም አዲሱ የእግር ኳስ ጌም ካልሆነ የማይል ደግሞ ባለበት ይቆይ። በመካከል ያለው፣ ማለትም ከዚህም ከዚያም የሚጫወተው፣ ሁለቱን ሥርዓት አኑሮ አንድ ወር ያህል በሊኑክስ ይዋል። በወሩ መጨረሻ ዊንዶውስን ስንት ጊዜ እንደከፈተ ቢቆጥር፣ ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚለውን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ራሱ ይመልሰዋል።