የጤና መድን ለጥርስ ሕክምና የሚሰጠው ሽፋን እስከ ምን ድረስ ነው?

የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የመንግሥት ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ጨምሮ በመደበኛው ዘርፍ የሚገኙ ዜጎችን የመድን ተጠቃሚ ለማድረግ የወጣ ሕግ ነው። ለአዋጁ ማስፈጸሚያ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 271 የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን፣ የወሊድ አገልግሎትን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ምርመራንና መድኃኒትን በሽፋኑ ያካተተ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ የጥርስ ተከላንና ክራውንን ግን ከሽፋኑ ውጪ አድርጓል። ከሕመም ጋር ያልተያያዘ ወቅታዊ ምርመራም እንዲሁ አልተካተተም።

የአዋጁ ተግባራዊነት በተደጋጋሚ የተራዘመ ቢሆንም፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ተመሳሳይ መስመር ነው የተከተለው። ሁለቱም ሥርዓቶች የታመመ ጥርስን ማከም የመድኑ ድርሻ፣ የጠፋ ጥርስን መተካት ደግሞ የታካሚው ወጪ አድርገው ይመለከታሉ።

አሠራሩን ለመረዳት የአንድን መንጋጋ ጥርስ ጉዞ መከተል ይጠቅማል። ጥርሱ መቦርቦር ሲጀምር በሙሌት ይድናል። ጉዳቱ ነርቩ ጋ ከደረሰ የሥር ሕክምና ያስፈልገዋል። ይህም ካለፈ ይነቀላል። እስከዚህ ያለው ሁሉ ሕክምና በመሆኑ በመርህ ደረጃ በሽፋኑ ውስጥ ነው። ከተነቀለ በኋላ የሚቀረውን ክፍተት መሙላት ግን ከሽፋኑ ውጪ ነው።

ችግሩ በወረቀት ላይ የሰፈረው ሽፋን በጤና ተቋሙ ካለው አገልግሎት ጋር ሁልጊዜ አለመገጣጠሙ ነው። የጥርስ ክፍል የሌላቸው ጤና ጣቢያዎች በርካታ ሲሆኑ፣ ካላቸውም ብዙዎቹ ከመንቀል ያለፈ አገልግሎት አይሰጡም። በመሆኑም በሙሌት ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ ተነቅሎ፣ መድኑ ለማይከፍለው ምትክ ታካሚው ከኪሱ ለማውጣት ይገደዳል። ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው መንገድ የሪፈራል ወረቀት በመሆኑ፣ ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ሪፈራል መጠየቅ ተገቢ ነው። ያለ ሪፈራል የሄደ አባል ለወጪው ድርሻ ሊጠየቅ ይችላል።

ክራውንን ከማስዋቢያ ጋር መፈረጁም አከራካሪ ነው። የሥር ሕክምና የተደረገለት መንጋጋ ብዙውን ጊዜ በክራውን ካልተሸፈነ የመሰንጠቅ ዕድሉ ከፍተኛ በመሆኑ፣ የተከፈለበት ሕክምና ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ለሠራተኞቻቸው ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቡድን የሕክምና መድን የሚገዙ የልማት ድርጅቶችና ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም አሉ። በእነዚህ ውሎች የጥርስ ሕክምና ጨርሶ የማይካተትበት ወይም ከአጠቃላዩ የሕክምና ገንዘብ ተለይቶ የራሱ ዓመታዊ ጣሪያ የሚቀመጥለት ጊዜ ብዙ ነው። ለማስረዳት ያህል ጣሪያው 6 ሺህ ብር፣ የመድን ሰጪው ድርሻ ደግሞ 80 በመቶ ነው እንበል። 5 ሺህ ብር ለሚጠይቅ የሥር ሕክምና ኩባንያው 4 ሺህ፣ ሠራተኛው 1 ሺህ ብር ይከፍላሉ። በዚያው ዓመት ሌላ ጥርስ ተመሳሳይ ሕክምና ቢያስፈልገው ከጣሪያው የቀረው 2 ሺህ ብር ብቻ ስለሆነ፣ ሠራተኛው 3 ሺህ ብር ይሸፍናል። ሠራተኛው 80 በመቶ የሚለውን ብቻ አንብቦ ጣሪያውን ካላየ በሁለተኛው ሕክምና ያልጠበቀው ዕዳ ይገጥመዋል። ያልተጠቀመበት ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም።

ስለሆነም ውሉን የሚፈርሙ የሥራ ኃላፊዎች ከአረቦኑ መጠን በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ጣሪያው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ነው ወይስ ለመላው ቤተሰብ? የሥር ሕክምና በግልጽ ተጠቅሷል? ውል ያላቸው ክሊኒኮች የትኞቹ ናቸው? ሠራተኛው በበኩሉ ከፍተኛ ወጪ ላለው ሕክምና የኩባንያው ቅድመ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ ከፍሎ የታከመ እንደሆነም የሐኪሙን ማስረጃና ሕጋዊ ደረሰኙን በውሉ በተወሰነው የጊዜ ገደብ ማቅረብ ይጠበቅበታል።