«አባባ፣ አቦል ላይ ሰው አለ?»

ውድ አንባቢ፣ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ተጉዘው ከሆነ የፎገራን ሜዳ አይተውታል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ያ ሰፊ ሜዳ በዚህ ወቅት ሩዙ ታጭዶ ይከመርበታል። ሌሊት ክምሩን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ጠባቂውም ብዙውን ጊዜ የቤቱ ጎረምሳ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ፣ ከወረታ መብራት ርቆ ሰማዩን ሲያይ ያድራል።

በወረታ ያገኘኋቸው አንድ አባት ያጫወቱኝ ታሪክ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ አውድማ ነው። ሰውየው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጌታ ቤት የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ማታ ለመጨረሻ ልጃቸው ራት አድርሰው አጠገቡ ቁጭ እንዳሉ፣ «አባባ፣ አቦል ላይ ሰው አለ?» ይላቸዋል። ቡና ያማረው መስሏቸው ሳቁ። ልጁ ግን አልሳቀም። ከጠፈር ምስጢራዊ የሬዲዮ ምልክት እንደሚመጣ፣ አዋቂዎችም «እንመልስ፣ አንመልስ» እያሉ እንደሚከራከሩ በስልኩ አንብቧል። ቀጥሎም፣ «ካሉ ኢየሱስ ለእነርሱም ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ።

«ይሄ የሰይጣን ወሬ ነው፤ ሁለተኛ እንዳልሰማ አልኩት» አሉኝ። «እውነትም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።» ትንሽ ዝም ብለው፣ «እሑድም አብሮኝ መምጣት ትቷል» ሲሉ ጨመሩ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎ ስለዚህ ነው። የእርስዎም ልጅ ነገ ይኸንኑ ሊጠይቅዎ ይችላል።

በመጀመሪያ፣ አቦል ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ በዙሪያው የሚዞረውም ፕላኔት «አቦል»። (ቶናና በረካ የሚባሉ ገና አልተገኙም።) ቡና በኅዳርና በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከፎገራ ሲታይ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ነገር ግን በባዶ ዓይን አይታይም፣ አቅራቢ መነጽር ይፈልጋል። አቦል ደግሞ እንደ ጁፒተር ያለ፣ በክብደት ግን ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ምድር የለውም።

ርቀቱም ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሰላምታችንን ለማድረስ 200 ዓመት፣ መልሱን ለማምጣት ሌላ 200 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. በነገሡት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አንድ ሰው ከጣና ዳር «እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ መላክ ችሎ ቢሆን ኖሮ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ምላሽ የሚደርሰን ገና በእኛ ዘመን ነበር።

ምስጢራዊ የተባሉት ምልክቶችስ? እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጆስሊን ቤል የተባለች የ24 ዓመት ተማሪ ከመሣሪያዋ በሚወጣው ረጅም ወረቀት ላይ እንግዳ ነገር አየች። በየ1.3 ሰከንዱ ገደማ፣ እንደ ሰዓት ምት ሳያዛንፍ የሚመላለስ ምልክት ነበር። ባልደረቦቿ በቀልድ «ትንንሾቹ አረንጓዴ ሰዎች» አሉት። ቤል ግን ትዕግሥተኛ ነበረች። ወረቀቱን ደጋግማ ስትመረምር ከሌላ የሰማይ ክፍል ሁለተኛ ተመሳሳይ ምልክት አገኘች፤ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ያሉ ፍጡራን በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይጠሩናል ብሎ ማሰብ ደግሞ ያስቸግራል። ነገሩ ዛሬ ፑልሳር የምንለው ነው፤ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚተርፍ፣ ስፋቱ ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ የሚልቅ፣ እየተሽከረከረ ሞገዱን እንደ ባትሪ ብርሃን ወዲያ ወዲህ የሚያበራ አካል። በ1974 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ለመምህሯ ሲሰጥ እርሷ ታለፈች። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ስታገኝ ሁሉንም ዕድል ላላገኙ የፊዚክስ ተማሪዎች ሰጠችው። ቤል በኩዌከር ማኅበር ያደገች አማኝ ናት። ሰማይን መመርመር እምነት ያስጥላል ለሚሉ ወገኖች ይህን ብናስታውሳቸው አይከፋም።

የሚያስቅም አለ። በአውስትራሊያ የፓርክስ ቴሌስኮፕ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልፎ አልፎ እንግዳ ምልክት ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ምንጩ ታወቀ፦ ሠራተኞች ምግብ ሲያሞቁ ቸኩለው፣ ሰዓቱ ሳይሞላ የሚከፍቱት ማይክሮዌቭ ነበር! 17 ዓመት ሙሉ የተፈለገው ምስጢር ከገዛ ወጥ ቤታቸው ተገኘ።

ከእውነተኛ ሩቅ ቦታ የሚመጡም ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው፣ ከሰከንድ ጥቂት ሺኛ ክፍሎች የማይረዝም ኃይለኛ የሬዲዮ ፍንዳታ ከዚያው ከፓርክስ መዝገብ የተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ በቢሊዮን ከሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት ይመጣሉ። ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን አንዱ ከራሳችን የከዋክብት ጭፍራ ውስጥ ፈነዳ፤ ምንጩም እጅግ ኃይለኛ የማግኔት ጉልበት ያለው የሞተ ኮከብ ነበር። ሁሉም የዚያ ዓይነት ይሁኑ አይሁኑ ገና እየተመረመረ ነው።

ያልተፈታው ነሐሴ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ «ትልቁ ጆሮ» የተባለው ቴሌስኮፕ ለ72 ሰከንድ የያዘው ነው። ጄሪ ኤማን የተባለ ተመራማሪ ወረቀቱ ላይ ሲያየው ከመደነቁ የተነሣ በቀይ ብዕር «ዋው!» ብሎ ጻፈበት። ያ ምልክት ዳግመኛ አልተሰማም፤ ሁሉም የተስማሙበት ማብራሪያም እስካሁን አልተገኘለትም።

1969 ዓ.ም. ስል ሽማግሌው አባት ቀና አሉ። ለእርሳቸው ያ ዓመት ሌላ ድምፅ የጠፋበት ነው። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። አጭሩ ሞገድ ከሰማይ ከፍታ ካለው የአየር ንብር ላይ እየነጠረ ወደ ምድር ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም፤ ስለዚህ ፎገራ ድረስ ይደርስ ነበር። «የወንጌልን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእርሱ ነው» አሉኝ። «ጎረቤቶቻችንስ ምን ይሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉና፣ «ሳጥኑ ውስጥ ሰይጣን ገብቷል ይሉን ነበር» አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

አሁን ወደ ልጁ ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ፤ እንመልስ ወይስ ዝም እንበል? እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1974 ከፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ወደ 25,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቅ የከዋክብት ክምችት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ መልእክት ተላከ። ቁጥሮች፣ የሰው ምስልና የፀሐይ ቤተሰቦች ነበሩበት። በዚያው ዓመት ከቤል መምህር ጋር ኖቤልን የተካፈለው ማርቲን ራይል ወዲያው ተቃወመ፤ ማን እንደሚሰማን ሳናውቅ ያለንበትን ለምን እንናገራለን ነው ነገሩ። እስጢፋን ሆኪንግም እ.ኤ.አ. በ2010 ኮሎምበስ አሜሪካ ሲደርስ በነባሩ ሕዝብ ላይ የወረደውን መከራ እያነሣ አስጠነቀቀ። ደጋፊዎቹ ግን የኤፍ ኤምና የቴሌቪዥን ሞገዳችን እንደ አጭሩ ሞገድ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ጠፈር ስለሚያልፍ፣ ቀድሞውኑ ሳናስበው እየተናገርን ነው ይላሉ።

የእኔን ከጠየቁኝ፣ ማድመጥን እመርጣለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏል ያገራችን ሰው። ፍርሃት ግን አይደለም። ጥቂት ሰዎች መሣሪያው ስላላቸው ብቻ የፎገራን ገበሬ ጨምሮ በሰው ዘር ሁሉ ስም መናገራቸው ነው የማይዋጥልኝ።

«የሰይጣን ወሬ» ስለሚለውም ልናገር። ከሌላ ዓለም ፍጡራን መልእክት ተቀበልን የሚሉ ሰባኪዎች አሉ፤ እነርሱን በ1ኛ ዮሐንስ 4 መሠረት መመርመር ግዴታችን ነው። ከኮከብ የሚወጣ የሬዲዮ ሞገድ ግን እንደ ፀሐይ ሙቀት የፍጥረት ሥራ እንጂ መንፈስ አይደለም። በሰማይ ፍጡራን ይኑሩ አይኑሩ መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። ቆላስይስ 1፥16 የሚነግረን በሰማይም በምድርም ያለው ሁሉ በክርስቶስ መፈጠሩን ነው። ኢየሱስ ለእነርሱ ሞቷል ወይ? ዘዳግም 29፥29 የተሰወረውን ለእግዚአብሔር ይተዋል። «አላውቅም» ማለት ለአንድ አባት ነውር አይደለም።

ሽማግሌው «ታዲያ ምን ልበለው?» ሲሉኝ አብረን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ከፈትን። ብላቴናው ድምፅ ሰምቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ሁለት ጊዜ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ አለው። በሦስተኛው ግን ገባው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያደምጥ አስተማረው። አባት ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እኔ የመጀመሪያው ላይ ነው የቀረሁት» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። አቅራቢ መነጽር ከአንድ አስተማሪ ተውሰው ማታ አውድማው ድረስ ሄደው ነበር። «ያንን ጥያቄህን ድገምልኝ» ቢሉት ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ዶሮ እስኪጮህ አላቆመም። ቡናን ግን አላገኟትም፤ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ጨረቃዋ ስትጎድል እንደገና ሊሞክሩ ተቀጣጥረዋል።